የአይብ ሳምቡሳ ለዋጃ አረፋ

ጅዳ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለአስረሳሽ፣

አሰላሙ አለይኩም። ከባሕር ማዶ ሆኜ ጉልበትሽን ስሜያለሁ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ዓይንሽንም ያቆይልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሥራው እንደምታውቂው ነው።

በስልክ ሳገኝሽ «ደህና ነኝ፣ እናትሽም ደህና ናት፣ ካርድሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። እማዬ ሳሊሀ ግን «እህቴ አፏ ቁጥብ ነው፣ ወረቀት ላይ ግን ትናገራለች» ስላለችኝ ጻፍኩልሽ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ለቢኒያም ልኬለታለሁ፤ አትሞ ይሰጥሻል። መልሱንም ለእሱ ስጪው፣ ኔትወርክ የተገኘ ቀን ይልክልኛል።

ጉዳዬ የሳምቡሳ ነው። እዚህ ረመዳን ሊገባ ሲል ቤቱ ሁሉ ሳምቡሳ ጠቅልሎ ፍሪዝ ይሞላል። መዳም አሥራ አራት ቤተሰብ አላት፤ በየቀኑ ማፍጠሪያ ላይ የሥጋውም የአይቡም ይቀርባል። የሥጋውን ለምጄዋለሁ። የአይቡ ግን ከሱቅ በሚመጣ ቂጣ ይሠራና እንደ ካርቶን ይሆናል። እኔም አፌ አላርፍ ብሎ «አክስቴ ቃሪያ ያለበት የአይብ ሳምቡሳ ትሠራለች፤ እንደሱ አድርጌ እሠራዋለሁ» አልኳት። አሁን በየቀኑ «የአክስትሽ ሳምቡሳ የት ደረሰ?» ትለኛለች።

ትዝ የሚለኝ የጥምቀት ማግስት እናንተ ቤት ቆቦ የበላሁት ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። በአያቴ፣ በአባዬ እናት፣ ጉልበት መካከል ተቀምጬ አምስት በላሁ፤ አባዬ ይቆጥርብኝ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ «ከክርስቲያን ቤት ዓይኔን ጨፍኜ የምበላው የአስረሳሽን ነው» ይል ነበር።

አሠራሩን አንድም ሳትዘይ ጻፊልኝ።

የእህትሽ ልጅ ፈሪሀ ሙህሲን


ቆቦ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፈሪሀ፣

በሰው አገር ያለሽውን ልጅ የላይኛው ጌታ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቃል ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ባለፈው ሳምንት ከዋጃ መጥታ አድራ ሄደች። ማሽላው ገብቷል፤ ዘንድሮ የሚያሳፍር አይደለም።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድ እለፊኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሳምቡሳ መጠቅለያ ነው። ከተማሪዎች የምገዛውን አሮጌ ደብተር ሳልጠቀልልበት በፊት እያየሁ፣ የማላውቀውን የመናኸሪያ ተራ አስከባሪዎችን እየጠየቅሁ ነው የለመድኩት። ከሒሳቡ ይልቅ የታሪኩ ደብተር ይሻለኝ ነበር።

አሠራሩ ይኸውልሽ። አይቡን በገዛሽበት ቀን አትጠቅልይው። በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥረሽ አንጠልጥይና ይንጠብ። በማግስቱ በሁለት ጣውላ መካከል አድርገሽ ድንጋይ ጫኚበት። ከዚያ በእጅሽ ጨብጠሽ ልቀቂው፤ መዳፍሽ ደርቆ ከወጣ ደርሷል፣ ከረጠበ ገና ነው። ይህን እንዳታቃልዪብኝ። ሌላው ቢጎድል ይበላል፤ አይቡ ውኃ ከያዘ ግን አደጋ ነው።

ቃሪያውን ፍሬውን አውጥተሽ አድቅቂው። ጥቁር አዝሙድና ኮሰረት ቆንጠር አድርገሽ ለውሺው። ሊጡ ጠንከር ይበል፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ይግባበት። እንቁላል የሚያህሉ ሁለት ድቡልቡሎች ጠፍጠፍ አድርጊ፣ መካከላቸውን ዘይት ቀብተሽ ደርቢና አንድ ላይ ዳምጫቸው። ስስ ሲሆኑ በሞቀ መጥበሻ ላይ ለኮፍ አድርገሽ አንሺና ለያዪያቸው። ሁለት ስስ ቂጣ ይወጣልሻል። በቁመቱ ቆርጠሽ በሦስት ማዕዘን ጠቅልይ፤ አፉን ዱቄት በውኃ በጥብጠሽ አጣብቂው። ማዕዘኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል እንኳ እንዳትቀር። ዘይቱ ላይ ፍርፋሪ ሊጥ ጣል አድርጊ፤ ወዲያው ተንሳፍፎ ከተነሳ ጀምሪ።

እኔ አሁን የምሸጠው የምስሩን ብቻ ነው። የአይቡን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ እጄም ሳይረሳው አልቀረም።

አክስትሽ አስረሳሽ


ጅዳ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ሰላምታዬ ከእነ ናፍቆቴ ይድረስሽ። አላህ በጾማችሁም በጾማችንም ያግዘን፤ ዘንድሮ እኮ አብረን ነው የምንጾመው።

ሳምቡሳው ተሳካ! መጀመሪያ አቃልዬብሽ ነበር። ድንጋይ መጫኑን ትቼ ጠቀለልኩ፤ ሦስቱ ዘይት ውስጥ ፈንድተው መዳም ከወጥ ቤት እየጮኸች ወጣች። «የአክስትሽ ሳምቡሳ ነው የአክስትሽ ቦምብ?» አለችኝ። ሁለተኛውን እንዳልሽው አደረግሁ። መዳም አራት በልታ ዝም አለች፤ እሷ ዝም ካለች ምስጋና ነው። አሁን ሁለት መቶ ሠላሳ ጠቅልዬ ፍሪዝ አስገብቻለሁ።

አሁን ትልቁን ጉዳይ ልንገርሽ። ኮንትራቴ ግንቦት ላይ ያልቃል፤ ለአረፋ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። አባዬ ከሞተ ወዲህ የሁለቱ ወገን ዘመድ በአንድ ቤት ተሰብስቦ አያውቅም። ከእሱ ወገን የሆኑት እማዬን ሲያገኟት «ወደ እናት አባትሽ ሃይማኖት አልተመለስሽም እንዴ?» እያሉ በቀልድ ይነኳታል። ቀልድ አለመሆኑን እሷም ታውቃለች። ስለዚህ አረፋን ዋጃ እኛ ቤት እንድናደርግ የአባዬን ወንድም አጎቴ ኡበይድን ለመነችውና እሺ አለ። ጨረቃዋ ካላሳተችን ግንቦት 29 ይውላል። ዓርብ ነው፤ ግን ሐምሳው ስላልወጣ እናንተም አትጾሙም ብላ እማዬ በጣቷ ቆጥራ ነግራኛለች።

ሥጋው እንደ ልማዳችን ለየብቻ ነው፤ የእናንተን የእናንተ ሰው ያርዳል። ከአንድ ሳህን ሁላችንም የምንበላው አንድ ነገር ግን ያስፈልጋል። እሱን አንቺ ትሠሪልናለሽ። ሦስት መቶ የአይብ ሳምቡሳ። እማዬ ለአጎቴ «የእህቴን እጅ ታውቀዋለህ» ስትለው «እሱንማ ማን ይክዳል» አለ አሉ።

እሺ በይኝ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የአይቡን ለምን ተውሽው?

ፈሪሀ


ቆቦ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለፈሪሀ፣

ጾምሽን ይቀበልሽ፤ ድካምሽን ዋጋ ያድርግልሽ።

ይህን ደብዳቤ ለቢኒያም አልሰጠሁትም። ወደ ጅዳ ለሥራ ለምትሄድ የሮቢት ልጅ አሽጌ ሰጥቻታለሁ። ቢዘገይም ሌላ ሰው አያነበውም።

ለምን እንደተውኩት ጠይቀሻል። እስከ ዛሬ ለባሌ ለእሸቴ ካልሆነ ለማንም አልነገርኩም፤ እሱም ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

አንቺ አምስት የበላሽበት ቀን የ2001 ዓ.ም. ጥምቀት ማግስት ነው። እናትሽ እስልምናን ተቀብላ አባትሽን ስታገባ አባታችን «ልጄ አይደለችም» ብሎ ነበር። እሱ እስኪሞት የአባትሽ ዘመዶች የእኛን ደጅ አልረገጡም። በሞተ በዓመቱ እኔ ጠራኋቸው። የዚያን ቀን የመጡት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ለእነሱ ብዬ አዲስ ብረት ድስት ገዛሁ፤ ያልተከፈተ ዘይትም አዘጋጀሁ። የእኛን ሰው የሥጋ ሳምቡሳ በትልቁ መጥበሻ ጠበስኩ፣ የእነሱን የአይቡን ደግሞ በአዲሱ ድስት። አይቡን ግን ድንጋይ አልጫንኩበትም ነበር። የበዓል ጥድፊያ ነው፤ በጨርቅ ጠምዝዤ ብቻ ነበር የጠቀለልኩት። ሃያ ያህል እንደጠበስኩ ሁለቱ ፈነዱ። ዘይቱ ገንፍሎ ፍሙ ላይ ወረደ፣ እሳቱ ተንቦገቦገ። ድስቱን ልስብ ስል ተደፋብኝ። ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተሽዋል፤ የእንፋሎት ነው ስልሽ የኖርኩት ውሸት ነው።

ገና ያልተጠበሰ አርባ ያህል ቀርቶኛል። ሱቁ ሁሉ ለሚካኤል ተዘግቷል። እሸቴ ታቦት ሊሸኝ ሄዷል። የአባትሽ መኪና በር ላይ ጡሩንባ ነፋ። ያን ጊዜ የሥጋውን ዘይት ከመጥበሻው አንስቼ በእነሱ ድስት ገለበጥኩና የቀረውን ጠበስኩበት።

ሳህኑን ሳቀርብ አያትሽ አንዱን አንስታ አየችውና ጠየቀችኝ፦

«አንች አስረሳሽ፣ ይኸ በየትኛው ድስት ነው የተጠበሰው?»

«በእናንተው ድስት ነው፣ እማማ» አልኩ።

እናትሽ ፈጠን ብላ «እህቴ ናት፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አለች። አያትሽ ቢስሚላህ ብላ ነከሰች። ከዚያ መረቀችኝ፤ ረጅም ምርቃት ነበር።

ድስቱ እውነት የእነሱ ነበር። ብዙ ጊዜ «ውሸት አልተናገርኩም» እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። ማታውኑ ለእሸቴ ነገርኩት። «ሰው በልቶ፣ ታርቆ፣ በሰላም ሄዷል። ብትናገሪ ሌላ አሥር ዓመት ይኮራረፋል። ዝም በይ» አለኝ። ክፉ ምክር አልነበረም። እኔ ነኝ የወደድኩት፤ ስለሚቀለኝ። ድስቱን ለቆራሌ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ የአይብ ሳምቡሳ ጠቅልዬ አላውቅም።

አያትሽ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መጣች፣ እስክትሞት። ያቀረብኩላትን ሁሉ በላች፤ አንድ ቀንም አልጠየቀችኝም። አባትሽም እንደዚያው።

አሁን ለአረፋ ጥበሺ ትይኛለሽ፤ እናትሽም ደግማ ዋስ ሆናኛለች። የእሷን ዋስትና ሁለተኛ ጊዜ ልበላው አልችልም። አንቺ የምትይኝን አደርጋለሁ።

አስረሳሽ


ቆቦ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈሪሀ፣

ኢዱ ያንቺ፣ ፋሲካውም የእኛ በደህና አልፏል፤ ተመስገን። በሰው እጅ የሰደድኩት ወረቀት ደርሶሽ እንደሆነ ላውቅ ብዬ ነው። ልጅቷ ደርሻለሁ ብላ ለእናቷ ደውላለች።

እናትሽ ትናንት በስልክ «አይቡን ከሮቢት እናስመጣ ወይስ ከዚሁ ከዋጃ?» አለችኝ። «ቆይ እስኪ» አልኳት። ሁለተኛ ብትጠይቀኝ የምላትን አላውቅም።

አስረሳሽ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአስረሳሽ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ይህም በቢኒያም በኩል አይደለም፤ አገር ለምትገባ ልጅ አሽጌ ሰጥቻታለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በኢድ ማግስት ነው። አንብቤ ከዱቄቱ ጣሳ ሥር ደበቅሁት። ዱቄት ባነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ። መልስ ያልሰጠሁሽ ልቀጣሽ ብዬ ብቻ አይደለም፤ እሱም አለበት ግን።

ስለራሴ አልተናደድኩም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሥጋ ቢሰጡኝም እበላ ነበር። የተናደድኩት ስለ አያቴ ነው። የጎረቤት ሠርግ ላይ ውኃ እንኳ ከራሷ ኩባያ የምትጠጣ ሴት ነበረች። ስትጠይቅሽ ልብሽ እንዴት አስቻለሽ? «ተደፋብኝ፣ ይኸን ሃያውን ብሉ» ብትዪ ኖሮ ስቀው ይበሉ ነበር እኮ። ሃያ ለሰባት ሰው ያንስ ነበር እንዴ?

ይቅር ብዬሻለሁ ብል ቀላል ነው። የምለው ግን አይመስለኝም፤ ይቅር ማለቱ የእኔ ብቻ አይደለማ። ለእማዬ አልነገርኳትም። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። ለአጎቴ ለኡበይድም እንደዚሁ፤ የዚያን ቀን ከበሉት ከአባዬ ወገን በሕይወት ያለው ትልቅ ሰው እሱ ነው። ሄደሽ ፊት ለፊት ንገሪያቸው። ወረቀት አትላኪ።

የማትነግሪያቸው ከሆነ አረፋ ላይ አትጥበሺ። «አሞኛል» በዪ፤ እኔ አላጋልጥሽም። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሳምቡሳ አንነጋገርም።

ፈሪሀ


ቆቦ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪሀ፣

ቃልሽ መረረኝ፤ ግን ልክ ነበር። ለዚያም እግዜር ይስጥልኝ።

ትናንት በሚኒባስ ዋጃ ሄድኩ። ኡበይድ ከእናትሽ ቤት ፊት ከኒሟ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሞተር ፓምፕ ጎማ ይለጥፍ ነበር። እናትሽ ጎመን ትቀነጥባለች። ውኃ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። ከዚያ ቁጭ እንዳልኩ ሁሉንም ተናገርኩ። ወረቀት ላይ አንድ ሰዓት የፈጀብኝ ነገር በአፍ ሲነገር ትንሽ ነው ለካ።

ኡበይድ ጎማውን አስቀመጠ። 

«በዚያ ዘይት የተጠበሰው ስንት ነበር?» አለኝ።

«አርባ ቢሆን ነው።»

«እኔ ስንት እንደበላሁ ታውቂያለሽ?»

«አልቆጠርኩም፣ ጋሽ ኡበይድ።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ። ዘጠኝ ነው። ሙህሲን ሆዳም ብሎ ሲስቅብኝ ነበር።» ከዚያ ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣውና መልሶ ዋጠው። «ሳያውቅ የበላን ጌታ አይዘውም። የእኛ ነገር ቀላል ነው። እናቴ ብትኖር ሰድባሽ፣ ሰድባሽ፣ ማታ ላይ ትታረቅሽ ነበር። ግን የለችም፤ እሱን ምን ታረጊዋለሽ?»

ጎማውን መልሶ አነሳ።

«አረፋ ላይ ትጠብሻለሽ» አለ። «ግን እዚህ ግቢ፣ በእኛ ድስት፣ በእኛ ዘይት፣ ሳሊሀ አጠገብሽ ሆና። ለሚበላውም ሰው ነገሩን እኔ እናገራለሁ። ልቡ የፈቀደ ይብላ፣ ያልፈቀደ ይተው። ተሸፋፍኖ የሚበላ ነገር ከእንግዲህ በዚህ ቤት የለም።»

እናትሽ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ጎመኑን አስቀመጠችና «ዋስ ያደረግሽኝ ለዚህ ነው?» አለችኝ። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ‘የእህቴ እጅ፣ የእህቴ እጅ’ እያልኩ ስምል ዝም ብለሽ ትሰሚኝ ነበር?» ገብታ በሩን ዘጋች። ሁልጊዜ እስከ አስፋልቱ ትሸኘኝ ነበር፤ ትናንት አልሸኘችኝም። ስልክም አታነሳልኝም። ኡበይድ ግን ወደ መኪናው እየሸኘኝ «አይቡን ከሮቢት አስመጭ፤ የዋጃው ውኃ ይበዛበታል» አለኝ።

አስረሳሽ


ጅዳ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

አላህ በሄድሽበት እግርሽ ልክ ይካስሽ። መሄድሽን ስሰማ አለቀስኩ፤ ከምን እንደሆነ አላውቅም።

መምጣቴ አልሆነም። የመውጫ ቪዛዬ አላለቀም፤ በሐጅ ሰሞን ደግሞ አውሮፕላኑ ሁሉ ሙሉ ነው። ለሐምሌ ነው ያሉኝ። እማዬ እኔንም በስልክ በአጭሩ ነው የምታናግረኝ። ስላንቺ ስጠይቃት «ትመጣለች ተብሏል» ትላለች እንጂ ሌላ አትልም።

አደራሽን፣ የሆነውን ሁሉ ሳታሳምሪ ጻፊልኝ። ማን እንደበላ፣ ማን እንደተወ።

ፈሪሀ


ዋጃ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈሪሀ፣

ያላየሽውን በዓል በዚህ ወረቀት እንድታዪው፣ ደግሞም የሚመጣውን በዓይንሽ እንዲያሳይሽ እመኛለሁ። አሁንም ዋጃ ነኝ፤ ገና አልተመለስኩም።

ረቡዕ ስምንት ኪሎ አይብ ከሮቢት ይዤ መጣሁ። ተንጠልጥሎ አደረ፤ ሐሙስ ድንጋይ ጫንኩበት። እናትሽ ያልተከፈተ ዘይትና ብረት ድስቷን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ዘይቱን ራሷ ከፈተችው፣ ራሷ ጨመረችው። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ስንጠቀልል የተናገረችው «አቀብይኝ» እና «ያዢው» ብቻ ነው። እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወጣልን። አንድም አልፈነዳ።

ዓርብ ከሶላት መልስ ሰው ሞላ። ከእኛ ወገን ከቆቦ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሥጋው ለየብቻ ተሠራ። ሳምቡሳው በአራት ትሪ ወጥቶ በየቡድኑ መካከል ተቀመጠ። ያን ጊዜ ኡበይድ ተነሳ። እኔ ከበሩ ጀርባ ልቆም ስል «አስረሳሽ፣ ወዲህ ቅረቢ» አለኝ። በዚያን ዓመት የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። «ይኸኛው በሳሊሀ ዘይት፣ በሳሊሀ ድስት የተጠበሰ ነው። የጠበሰችው ያችው አስረሳሽ ናት። እኔ እበላለሁ። ማንንም አላስገድድም» ብሎ ቢስሚላህ አለና አንድ አነሳ።

 ከእኛ ሰዎች አንዷ፣ የአጎቴ ልጅ ትርንጎ፣ «እኛስ ብንሆን ይኸን ጉድ መች ሰማን!» አለችና ከተቀመጡት ሳቅ ወጣ። ከዚያ እጆች ወደ ትሪው መሄድ ጀመሩ። ወንዶቹ ጋ የነበሩት ሁለት ትሪዎች ባዶ ሆኑ። የእኛ ሰዎች ትሪ ባዶ ሆነ።

የሴቶቹ ግን እንደቀረበ ተመለሰ። የአያትሽ እህት የሆነችው የአባትሽ አክስትና ሁለቱ ልጆቿ ነበሩ እዚያ። አክስትየዋ አልተቆጣችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም። «አንች ልጅ፣ ክፉ አልመኝልሽም። እህቴ ግን በእምነት በልታ ነው የሞተችው፤ እኔ አልበላውም» አለችኝ። እጇን ሳምኩ፤ አልከለከለችኝም። ልጆቿም እሷን አይተው ተዉት።

አሳምረሽ አትጻፊ ስላልሽኝ ነው ይኸን የምነግርሽ። እንደዚያ ተመልሶ ሲመጣ ያመኛል ብዬ ነበር። አመመኝም። ግን የበላው አውቆ በላ፣ የተወውም አውቆ ተወ። እኔ ያቀረብኩትን ነገር ሰው አውቆት ሲመርጥ ሳይ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰው ሲበተን ያንን ያልተነካ ትሪ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። እናትሽ ዕቃ ታጥባለች። ምን ላድርገው ብዬ ሳልጠይቃት እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ከትሪው አንድ አንስታ ነከሰች፣ ቆማ አላመጠች። ሁለተኛ ነከሰች።

«አስረስ» አለችኝ፤ እንደዚያ ብላ ከጠራችኝ ወር ሊሞላት ነበር። «ጨው አንሶታል እኮ። ሦስት መቶ ሰው ፊት ጨው ያነሰው ነገር ታቀርቢያለሽ?»

«ሦስት መቶ ሰው የለም፤ ሦስት መቶ ሳምቡሳ ነው» አልኳት።

«እሱንም ቢሆን» አለችና ሁለተኛውን አነሳች።

አክስትሽ አስረሳሽ